ሐኪም ሁን ይሉኛል፣ ዓይኔ ግን ቤት ላይ ነው

ጥያቄ

ሰላም እትዬ፣

ዓምድዎን የማነበው መጽሔቱን ከመምህሬ እየተዋስኩ ነው። የዘጌ ልጅ ነኝ። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነኝ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ። የምንተዳደረው በቡና ነው። አባቴ "ውጤት ከመጣልህ ሐኪም ነህ" ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ቤት ሲሠራ ካየሁ ቆሜ እቀራለሁ። እንጨት ሲተከል፣ ማገር ሲማገር፣ ጭቃ ሲቦካ አይቼ አልጠግብም። አርክቴክቸር ልማር ስለው ሳቀ። "ቤት ለመሥራትማ ግንበኛው እዚህ ሞልቷል፤ አምስት ዓመት ሙሉ ምን ትማራለህ?" አለኝ። መልስ አጣሁ። ስዕልም ያን ያህል አልችልም። ጓደኞቼ ደግሞ "አሁን ኮምፒውተሩ ራሱ ይሥለዋል፣ ገንዘብም የለውም" ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

ከዘጌ

መልስ

ከአባትህ ጥያቄ ልጀምር፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔንም ሃያ ዓመት በዚህ ሙያ ከኖርኩ በኋላ ሰው ይጠይቀኛል።

አባቴ ለሳኝ ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ምሳውን ሳይት ድረስ የማደርስለት እኔ ነበርኩ። ሳህኑን ይዤ ቶሎ አልመለስም፤ እንዳንተው ቆሜ እቀራለሁ። አንድ ጊዜ አንድ መኝታ ቤት ለስኖ ጨረሰ። ግድግዳው እንደ መስታወት ነበር፤ በእጄ ስዳስሰው "እጅሽን!" ብሎ ጮኸብኝ። በሳምንቱ ባለቤቱ አልጋ አስጭኖ መጣ። አልጋው በበሩና በመስኮቱ መሃል አልገባ አለ። ሲያዞሩት ገባ፣ በሩ ግን አልከፈት አለ። በሌላ በኩል ሲያደርጉት ቁም ሣጥኑ ቦታ አጣ። ሦስት ሰው ላብ በላብ ሆኖ አልጋ ሲያሽከረክር ዋለ። በመጨረሻ ግድግዳው ፈረሰ፣ በሩ ወደ ጥግ ተገፋ፣ አባቴም እንደገና ለሰነ። ለሁለተኛው ልስን የተከፈለው ግማሽ ሒሳብ ነው።

ግንበኛው አላጠፋም። ቱንቢው ልክ ነበር፣ ውሃ ልኩም ልክ ነበር። አባቴም አላጠፋም። ችግሩ አልጋው የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ያሰበ ሰው አለመኖሩ ነው። ይህቺን ለአባትህ ንገራቸው። አምስት ዓመት የምንማረው አልጋውን ቀድሞ ማሰብ ነው በላቸው። አልጋውን፣ ምድጃውን፣ የሽማግሌውን ጉልበት፣ የክረምቱን ዝናብ፣ የከሰዓቱን ፀሐይ።

ሌላው ሰው ደግሞ ሲቪል መሐንዲሱ ነው። ሕንጻው ይቆም እንደሆነ የሚያሰላው እሱ ነው። ዋልካ አፈር ላይ ቤት ሲሠራ አይተህ ታውቃለህ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። መሠረቱ ምን ያህል ይውረድ፣ ፌሮው ምን ያህል ይሁን የሚለው የእሱ ጣጣ ነው። አርክቴክቱ ከእሱ ጋር እየተከራከረ ይኖራል። እኔ "እዚህ ጋ ኮለን፣ ማለትም ምሰሶ፣ አልፈልግም" እላለሁ፣ እሱ "እንግዲያው ጣሪያውን አንቺ ተሸከሚው" ይለኛል።

ስዕል አልችልም ላልከው፣ እኔም አልችልም ነበር። የተማርኩት ልደታ፣ ሰው ሁሉ ሕንጻ ኮሌጅ በሚለው ግቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ከስዊድኖች ጋር በትብብር የተጀመረ አንጋፋ ትምህርት ቤት ነው፤ ዛሬ ሙያው በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ይሰጣል። ክፍላችን ውስጥ የሰው ፊት እንደ ፎቶ የሚሥል ልጅ ነበር። የእኔ መስመር ይንቀጠቀጥ ነበር። መስመር በልምምድ ይስተካከላል፤ አንድ ሴሚስተር ሙሉ እርሳስ ስትይዝ እጅህ ሳይወድ በግዱ ይገራል። ያ ጎበዝ ሠዓሊ ግን ሦስተኛ ዓመት ላይ ትምህርት ክፍል ቀየረ። ስቱዲዮ በሚባለው የንድፍ ክፍለ ጊዜ ላይ "እዚህ የሚኖረው ማነው? በየት ይገባል? ዕቃውን የት ያስቀምጣል?" ሲሉት ይናደድ ነበር። ሕንጻው ያምር ነበር፤ ሰው ግን አልነበረበትም።

ሰው የመርሳቱ ነገር በእኔም ደርሷል። ከተመረቅሁ ሦስተኛ ዓመቴ ላይ እዚሁ ሐይቁ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ሥራ አገኘሁ። ቦታው ፊቱን ለጣና ሰጥቶ ወደ ምዕራብ ይመለከታል። እኔ ምን አደረግሁ? ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት። ሥዕሉን ያየ ሁሉ አጨበጨበልኝ። ሕንጻው አለቀ። በሁለተኛው ወር ባለቤቱ ደወለልኝና "ነይ ቡና ጠጪ" አለኝ። ከሰዓት በዘጠኝ ተኩል ሄድኩ። ገና በሩን ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። እያንዳንዱ መስታወት ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ቀይ፣ ቡናማ፣ አንዱ ላይ ነብር ያለበት። "ሐይቁን ልይ ብዬ ከፈልኩሽ፣ ይኸው ነብር ሳይ እውላለሁ" አለኝ። ቡናው አልወርድ አለኝ።

የምዕራብ ፀሐይ ዝቅ ብላ ነው የምትገባው። ጣሪያ ብታስረዝምባትም በታች ሾልካ ትመጣለች፤ ላዩዋ ላይ ደግሞ የሐይቁ ነጸብራቅ አለ። በኋላ ከፊቱ በቀርከሃ ተንሸራታች መጋረጃ አሠራን፣ ዛፍም ተከልን። የግማሹን መስታወት ቦታ በብሎኬት ደፈንነው። ወጪውን ሁሉ ባለቤቱ ነው የቻለው፤ የዲዛይን ክፍያዬን ቀሪ ደግሞ እኔ ሳልጠይቀው ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ቦታ ሳላድርበትና ሳልውልበት መስመር አላሰምርም። ጠዋት ነፋሱ በየት ይመጣል፣ ከሰዓትስ? በቀን ከሐይቁ ወደ የብስ፣ ሌሊት ከየብሱ ወደ ሐይቁ መዞሩን የታንኳ ቀዛፊ ልጅ ያውቀዋል። እኔ ግን ከዲግሪ በኋላ ነው የተማርኩት።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ ለእኔ አሁንም ይገርመኛል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን አሥራ አንድ ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ነን። ስለዚህ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከራሳችን በስተሰሜን ናት። በሰኔ ደመናው ከፈቀደልህ እኩለ ቀን ላይ ደጅ ቁም። ጥላህ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ሰሜን። በሰሜን በኩል ያለ መስኮት ፀሐይ አይነካውም ብሎ የሚያስብ ሰው የሌላ አገር መጽሐፍ ነው ያነበበው።

አንተ ደግሞ ደጃፍህ ላይ ትልቅ ትምህርት ቤት አለህ፤ ምናልባት ስለለመድከው አታየውም። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትሄድ አንድ ቀን ከጸሎት በኋላ ጥግ ይዘህ ተቀመጥና ቤቱን እንደ ፕላን እየው። ከውጭ ክብ ነው። ዳሩ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሃሉ ላይ መቅደስ። ክብ ውስጥ አራት ማዕዘን መቅደስ ቆሟል። ማን እስከ የት እንደሚገባ የሚነግርህ ሰሌዳ የለም፤ ቤቱ ራሱ ይነግርሃል። ወደ ውስጥ በገባህ ቁጥር ብርሃኑ እየሳሳ፣ ድምፅህም ሳታስበው ዝቅ እያለ ይሄዳል። የጣሪያውን ክፈፍ ተመልከት፣ ከግድግዳው ምን ያህል አልፎ ወጥቷል? ጭቃ ዝናብ አይወድም፤ የጣናን ክረምት ደግሞ ለአንተ አልነግርህም። ከመቅደሱ ግድግዳ የተለጠፈው ሥዕል ጨርቅ ላይ የተሣለ ነው። ጠጋ ብለህ የጨርቁን ጠርዝ ፈልገው። የደሴቱን ገዳም ክብራን ገብርኤልንም በጀልባ ብትሻገር ታየዋለህ። እኔ ሴት ስለሆንኩ ከጀልባ ላይ ነው የማውቀው፤ አይተህ ብትነግረኝ ደስ ይለኛል።

ባሕር ዳር ስትመጣም ዘንባባዎቹን በሌላ ዓይን እያቸው። በእነሱ የታጀበው ሰፊ መንገድ ዝም ብሎ የበቀለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማክስ ጉተር የተባለ ጀርመናዊ የከተማ ፕላን ባለሙያ የከተማዋን ማስተር ፕላን አዘጋጅቶ ነበር። ያኔ ባሕር ዳር ትንሽ ከተማ ነበረች። ወረቀት ላይ በታሰበ መንገድ ዛሬ ባጃጅ፣ ብስክሌትና ፔዳ ወደሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚሄድ ተማሪ ይተላለፋል። ሁሉም አልተሳካም እርግጥ። ሐይቁ ዳር ስንት ቦታ በአጥር ተይዞ ውሃውን በቀዳዳ የምናየው ሆነ። እሱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ፣ ዛሬ ከጀመርኩ አላቆምም።

የገጠር ልጅ ነኝ የሚል ሐሳብ ከመስመርህ መሃል አይቻለሁ። ፍራንሲስ ኬሬን ፈልገህ አንብብ። የቡርኪና ፋሶ ሰው ነው፤ ጋንዶ በምትባል መንደር ተወለደ። መጀመሪያ የተማረው አናጢነት ነው፣ ጀርመንም የሄደው በዚያው ነው። በልጅነቱ የተማረበት ክፍል ጨለማና እንደ ምድጃ የሚግል ነበር። በርሊን ገና የአርክቴክቸር ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ። ጡቡ ከዚያው አገር አፈር ነው፤ ጥቂት ሲሚንቶ ገብቶበታል። ቆርቆሮውን ግን ከክፍሉ ጣሪያ ወደ ላይ አንስቶ ለብቻው አቆመው፤ በመሃል አየር ያልፋል፣ ሙቀቱም ተማሪው ራስ ላይ አያርፍም። እ.ኤ.አ. በ2022 ፕሪትዝከር የተባለውን የሙያውን ትልቁን ሽልማት ተቀበለ፣ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ። በመጋቢት ስምንት ሰዓት ላይ ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ተቀምጠህ ፊዚክስ ተምረህ ከሆነ፣ ይህ ሰው ምን እንዳሰበ እኔ ላስረዳህ አያስፈልግም።

ገንዘቡ ላይ አልዋሽህም። ጀማሪ ደመወዝ ቀጭን ነው። በራስህ ፈርመህ ለመሥራት የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ በልምድ ዓመታት ይመጣል። ሲሚንቶ ሲወደድ ሳይት ይቆማል፣ ሳይት ሲቆም የኛም ስልክ ጸጥ ይላል። ደንበኛው ደግሞ "ወረቀት ላይ መስመር አሥምረሽ ነው ይሄ ሁሉ ብር?" ይልሃል። የጎረቤቱን ፕላን ይዞ መጥቶ "ይህንኑ ገልብጪልኝ" የሚልም አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው እኔ መልሴ ደረጃ ነው። እዚህ ከተማ አንድ ፎቅ አለ፣ ስሙን ተወው። ከምድር ወደ አንደኛ ፎቅ ስትወጣ ሰባተኛው እርከን ከሌሎቹ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ሁለት ሴንቲ! ሰው እግሩን የሚያነሳው በለመደው ልክ ነው፤ ያቺ ጋ ሲደርስ ይደናቀፋል። ለአንድ ሰዓት ቁጭ ብዬ አሥራ አንድ ሰው ቆጥሬያለሁ። ሻይ የምታመላልሰው ልጅ ብቻ ሳታይ ትሻገራታለች፤ ትሪ ከደፋች በኋላ ለምዳዋለች። ደንበኛዬን እዚያ ወስጄ ወደ ላይ እንዲወጣ አደርገዋለሁ። ከዚያ ስለ ክፍያው እናወራለን።

ሥራው ደግሞ አማካሪ ቢሮ ብቻ አይደለም። ኮንትራክተር ጋ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ የቅርስ ጥገና ላይ፣ ማስተማር ላይ የሚሠሩ የክፍል ጓደኞች አሉኝ። አንዷ የቤት ዕቃ ትሠራለች፣ ከሁላችንም ደህና የያዘችው እሷ ናት።

ኮምፒውተሩ ይሥላል፣ እውነት ነው። እኔም አውቶካድ በሚባለው የፕላን መሣያ ፕሮግራም ነው የምውለው፣ ሰሞኑን ደግሞ ቢሮ ያሉት ልጆች አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው የሚያምር ቪላ ሲያወጡ አያለሁ። አንዱን እኔ ለማየት ጠየቅኳቸው። ሳሎን ከኩሽና ጋር ክፍት ነው፣ መሃሉ ላይ ባንኮኒ። "እንጀራ የት ነው የሚጋገረው?" አልኩ። ዝም። ደንበኛዋ በሳምንት ሁለቴ የምትጋግር፣ በዓል ሲሆን ጎረቤት ሰብስባ የምትጋግር ሴት ናት። እንዲህ ያለ ቤት ሲያልቅ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ጓሮ ውስጥ ፕላን ላይ የሌለ የቆርቆሮ ማድ ቤት ይቀጠላል፣ ጢሱም በመኝታ ቤት መስኮት ይገባል። ኮምፒውተሩን ማንም አልነገረውም፣ ስለዚህ አያውቅም። ጠይቆ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ብትሆን ሥራ አታጣም ብዬ አስባለሁ።

አሁን የቤት ሥራ ልስጥህ። ከፈተናው በኋላ፣ ከፈተናው በፊት አይደለም! ሜትር ተዋስና የራሳችሁን ቤት ለካ። ግድግዳውን፣ በሩን፣ መስኮቱን፣ የምድጃውን ርቀት፣ ቡናው የሚሰጣበትን ደጅ ጭምር። አንዱን ሜትር ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር አሳንሰህ በካሬ ወረቀት ላይ አስቀምጠው፤ ይህ አንድ ለሃምሳ ይባላል። ከዚያ በሌላ ቀለም እናትህ ከንጋት እስከ ማታ የት የት እንደሚመላለሱ መስመር አስምር። ውሃ ሊቀዱ፣ እሳት ሊያነዱ፣ በርበሬ ሊያነሱ። መስመሩ የተወሳሰበበትን ቦታ ታገኛለህ። እዚያ ላይ ምን ብትቀይር እንደሚቀልላቸው አስብ፤ በር ማዞር ሊሆን ይችላል፣ አንድ መደርደሪያ ሊሆን ይችላል። ይህን ስትሠራ ሰዓቱ ሳታውቀው ካለፈ፣ ለአባትህ ወረቀቱን አሳያቸው። ከእኔ ደብዳቤ ይልቅ እሱ ይናገርልሃል። ሰለቸኝ ካልክ ደግሞ ሕክምናም የተከበረ ሙያ ነው፤ ዘጌም ሐኪም አትጠላም።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ እናት ነኝ፣ እዚሁ ባሕር ዳር። ልጄ አርክቴክቸር ሁለተኛ ዓመት ናት። ሌሊት አትተኛም። ቤቱ ሁሉ ካርቶን፣ ሙጫና መቁረጫ ሆኗል፤ ጣቷንም ሁለት ጊዜ ቆርጣለች። ባለፈው ቅዳሜ ቤት ሳጸዳ ሶፋው ሥር ያለውን የካርቶን ቁራጭ ሰብስቤ እሳት ማንደጃ አደረግሁት። ለካ "ሞዴል" ነበር። አለቀሰች፣ እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች። ትምህርቱ ይሄ ነው? ወይስ ልጄን ሌላ ነገር አግኝቷታል?

የተጨነቀች እናት

መልስ

እናቴ፣ ልጅዎ ደህና ናት፣ ትምህርቱ ነው። የሁላችንም ቤት እንዲህ ነበር። የራሴ እናት የእኔን ሞዴል፣ ማለትም በካርቶን የተሠራውን ትንሽ ሕንጻ፣ ዶሮ እንዳይነካው ብላ ቁም ሣጥን ላይ ሰቅላው፣ እኔ ፈልጌ አጥቼ ጁሪ ላይ ባዶ እጄን ቀርቤያለሁ።

ጁሪ የሚሉት ተማሪው ሥራውን መምህራን ፊት ዘርግቶ የሚከላከልበት ቀን ነው። ያን ቀን አንዱ መምህር "ይህ ምንድነው?" ብሎ በብዕር ጫፍ ሲነካካው የሚሰማው ስሜት ለሰው አይነገርም። ስለዚህ ሌሊቱ የመጣው ከዚያ ነው። ግን ሁሉም ሌሊት አስፈላጊ አይደለም። ብዙዎቻችን ቀን ስናወራ ውለን ነው ሌሊት የምንሠራው፤ ይህን ከእኔ እንደሰሙ አይንገሯት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ በተያዘ መቁረጫ የተሠራ ሥራ ደግሞ ጠዋት ሲታይ ጠማማ ነው። ከብረት ማስመሪያ ጋር እንድትቆርጥ፣ ስለቱንም ቶሎ ቶሎ እንድትቀይር ይንገሯት። ጣት የሚቆርጠው የደነዘዘው ነው፤ ሰው ጉልበት ይጨምርበታልና።

አንድ ልለምንዎት። ቀጣዩን ሞዴል ስትጨርስ ወደ ጁሪ ከመውሰዷ በፊት ለእርስዎ እንድታስረዳዎት ይጠይቋት። "እኔ በየት ነው የምገባው? ጫማዬን የት አወልቃለሁ? እንግዳ ሲመጣ ማን ያየኛል?" ይበሏት። መልስ ካጣች መምህራኑም ያንኑ ይጠይቋታል።

ለካርቶኑ ግን ይቅርታ ይጠይቋት፣ ቡናም ያፍሉላት። መጠኑን ባላውቅም ከነደደው ውስጥ በትንሹ አንድ ደረጃ ነበረበት፤ ደረጃ ደግሞ እርከን በእርከን ነው የሚጣበቀው።